የአጎት ሌስተር ጠመንጃዎች

ሰኞ ጠዋት ጃኔል የሟች አጎቷን የሌስተርን ቁም ሣጥን ስታራግፍ ከካፖርቶቹ ኋላ አንድ የዛገ ጠመንጃና ግማሽ ካርቶን ጥይት አገኘች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አሰበች።

ሌስተር በልጅነቷ ወስዶ እንደ አባት ያሳደጋት ሰው ነው። ውሻው አርጅቶ ሲሰቃይ እንኳ መግደል አቅቶት ከመቶ ኪሎ ሜትር የእንስሳት ሐኪም ያስመጣ፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ ያለቀሰ ሰው ነው። ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ በሚደረገው መታሰቢያ ስለ እሱ የምትናገረው እሷ ናት፤ ንግግሩንም ጽፋ ጨርሳለች። "ሌስተር በሕይወቱ ጉንዳን እንኳ ረግጦ አያውቅም" ብሎ ይጀምራል።

የገበሬ አገር ነው፣ አንድ ጠመንጃ የማይገኝበት ቤት የለም ብላ ራሷን አጽናናችና ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

ጣቢያው ያለው አንድ ፖሊስ ነው፤ ሳጅን ዱጋን። ከጃኔል ጋር አብረው ተምረዋል። ያኔ የክፍል አለቃ ነበር፤ ዛሬም ከሕግ ዝንፍ አይልም።

"ተሸክመሽው ዘው እንዳትዪብኝ" አላት። "ጥይቱን አውጪ፣ ማቀባበያውን ንቀዪ። ጥይቱን ለብቻ፣ ጠመንጃውን ለብቻ አድርገሽ የመኪናሽ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆልፊበት። በር ላይ ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ እኔው እወጣለሁ።"

"ፈቃድ የለውም እኮ።"

"የሞተ ሰው አይከሰስም። ትፈርሚያለሽ፣ ትሄጃለሽ።"

በሩብ ሰዓት አለቀ። ስትመለስ ሱቅ ጎራ አለችና ለጎረቤቷ ለኦድሪ ነገረቻቸው። ኦድሪ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ባልቴት ናቸው።

"የማን ነው ብሎ አላፋጠጠሽም?" አሉ።

"የሌስተር ነው አልኩት። ጻፈ፣ አለቀ።"

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ብቻ።"

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሐዘኗን አክብሮ ጸጥ ብሎ ነበር። ኦድሪ የገዙትን ዱቄት ባንኮኒው ላይ ረስተው ወጡ።

ማክሰኞ ለቅሶ ደራሹ ጎረፈ። ሌስተር የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ግን ይህን ያህል ይወደዳል ብላ ጃኔል አልጠበቀችም። ኦድሪ የዱባ ኬክ ይዘው መጥተው አለቀሱ፤ ከዚያ ሌስተር ወንበራቸውን የጠገነበትን ቦታ ለመሰናበት ብቻቸውን ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ወጡ። በግ አርቢው ሬግ ደግሞ በዚያ በጥር ሐሩር የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ከች አለ። ሬግ ድሮም ነገረ ሥራው ለየት ያለ ነው፤ ማንም ምንም አላለውም። እሱም መጋዘኑን መሰናበት ፈለገ። ቄሱ የዓሣ ማጥመጃ ሻንጣቸውን እንኳ ከትከሻቸው ሳያወርዱ ነው ወደዚያው ያመሩት። ጃኔል በመስኮት እያየች ሆዷ ባባ።

ረቡዕ መሰላል ፍለጋ መጋዘን ገባች። ከሥራ ጠረጴዛው ኋላ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተጋድሟል። አጠገቡ "አፕሪኮት" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የማርማላት ብርጭቆ ጥይት ሞልቶበታል።

ጣቢያ ስትወስደው ዱጋን ጥይቱን አገላብጦ አየው። "ይሄ የዚህ ጠመንጃ ጥይት አይደለም።"

"የምንድን ነው ታዲያ?"

"ገና ያላገኘሽው አለ ማለት ነው።"

እውነቱን ነበር። ሐሙስ እዚያው መጋዘን ሦስት ተገኙ፤ አንዱ በጥልፍ ትራስ ልብስ ተጠቅልሎ።

"አጎትሽ ከማን ጋር ሊዋጋ ነበር?" አለ ዱጋን። "በልጅነታችን የተዘረፈውን ባንክ ታስታውሺዋለሽ? ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም።"

እሱ ሳቀ፤ ጃኔል ግን አልሳቀችም። ቤት ገብታ የንግግሯን የመጀመሪያ መስመር ሰረዘች። ጥልፉ የየትኛዋ ሴት ነው? በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ዓሣ ላጠምድ ብሎ የሚጠፋውስ የት ነበር? የሰረዘችው መስመር እየበዛ ሄዶ ከንግግሩ የተረፈው "እናመሰግናለን" ብቻ ሆነ። እንደዚያ ቀን ከፍቷት አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት አራት ይዛ ሄደች። ዱጋን መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ብሎ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ።

"ጃኔል፣ የምሬን ነው። ይሄ ሰውዬ ምን ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ?" እንባዋ መጣ። "ያሳደገኝን ሰው አላውቀውም ማለት ነው። ነገ ሕዝብ ፊት ቆሜ ምን ልበል?"

ዱጋን ዘጠኙን ጠመንጃዎች አንድ በአንድ አያቸው። የትራስ ልብሱን አንስቶ ጥልፉን አጥብቆ ተመለከተ፤ ከዚያም አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። መዝገቡን ግን አልዘጋውም።

"ዛሬ ቤት ነሽ?"

"ነኝ።"

"በአሥር ሰዓት እመጣለሁ። ሌላ ሰው ባይኖር ይሻላል።"

ጃኔል ቤቱ ሊፈተሽ እንደሆነ ገባት። እንዳያፍርባት ብላ ወለሉን ወለወለች፤ ከዚያ የሌስተርን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ አውርዳ በፊቱ ደፋችው፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘናትና መልሳ አቃናችው። "ቢያንስ ለእኔ ልትነግረኝ ይገባ ነበር" አለችው።

ልክ በአሥር ሰዓት መኪና ቆመ። የፖሊስ መኪና ሳይሆን የዱጋን ሚስት ትንሿ መኪና ናት። ዱጋን የደንብ ልብሱን አልለበሰም። በአንድ እጁ በፎጣ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ ይዟል። ግራ ቀኙን አየና ወደ በረንዳው ጠጋ አለ።

"ሌስተር አንድ ብትጨመርበት አይቀየምም" አለ ፓይውን እያቀበላት፤ "የአባቴን ጠመንጃ ይዤ ነው የመጣሁት፤ መጋዘኑ ክፍት ነው አይደል?"