የሚሸሸው ቀይ ቁልፍ

መልካም አስተዳደር የሚለው ቃል ከሬዲዮ የማይወርድበት ዘመን ነበር። ከዱባለ አፍም አይወርድም ነበር። ዱባለ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ሌላው ሰው አቶ ዱባለ ይበላቸው፤ እኛ ዱባለ እንበለው። ቅር ካለው ቅሬታ መቀበያው ማሽን እዚያው ቢሮው በር ላይ ቆሟል።

ማሽኑን ያቆመው ራሱ ነው። ሸማ ተራ ዳር ያሉት የነጠላ ሱቆች ፈርሰው ቦታው ለሕንፃ ሊሰጥ ነው። ዱባለ በሰበሰባቸው ቀን ለነጋዴዎቹ እንዲህ አላቸው፦ ቅሬታ የሚቀርበው በማሽን ብቻ ነው። የሞዴል ጽሕፈት ቤቶች ሽልማት እስከሚሰጥበት ቀን አንድ ቅሬታ እንኳ ከተመዘገበ፣ ማሽኑ በቀጥታ ለበላይ አካል ያስተላልፈዋል፤ ፈረሳውም ይቆማል። ካልተመዘገበ ግን ሁሉም ረክቷል ማለት ነው። ነጋዴው አጨበጨበ። ሲያጨበጭብ የለመደ ነውና።

ማሽኑን እንድትሠራ የቀጠራት እምነት የምትባል ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት። ምሳ ዕቃዋን አረንጓዴ ጥለት ባለው የነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ትመጣና ቀኑን ሙሉ ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ስትጽፍ ትውላለች።

«ፓይተን የራሱ ዝግጁ ቁልፎች አሉት» አለችው። «አረንጓዴውን 'ረክቻለሁ'፣ ቀዩን 'ቅሬታ አለኝ' ብለን ስክሪኑ ላይ እናስቀምጣለን።»

«ቀዩ ባይኖርስ?»

«ደንቡ ይኑር ይላል። ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ዱባለ ጺሙን አሻሸ። ደንብ አክባሪ ሰው ነው። «እሺ፣ ይኑር። ግን ሰው ሲጠጋው ፈንጠር ይበል።»

«ዝግጁው ቁልፍ ባለበት ነው የሚቆመው። የሚሸሽ ከፈለጉ ከባዶ መሥራት አለብኝ።» ትንሽ አሰበች። «የማውሱን ቀስት ሲያይ ይሽሽ?»

«አዎ! ቀስቱን ሲያይ ይሽሽ። ጎበዝ!»

ሠራችው። ቅርጹን ራሷ ሳለች፣ ቀለሙን ቀባች፣ በቀስቱና በቁልፉ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ ኮድ ጻፈች። ቀስቱ ሲቀርብ ቀዩ ወደ ሌላ ጥግ ይዘላል፤ በለቀቀው ቦታ አረንጓዴው ተንሸራቶ ይገባል። አሳዳጁ በችኮላ ሲጫን የሚያገኘው አረንጓዴውን ነው። ወዲያው «ስለ እርካታዎ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ከአበባ ጋር ይመጣል። ዱባለ አበባውን በጣም ወደደው።

ነጋዴው ተሰለፈ። እየተራገመ ገባ፣ ረክቶ ወጣ። ከሁሉ የባሰው ሀምዳን የሚባል ወጣት ነጠላ ሻጭ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር የቀመሰ። «ተንኮል አለበት! ዛሬ ሳልይዘው አልወጣም!» ብሎ ማውሱን ሲያተራምሰው ዋለ። ማታ በሪፖርቱ ላይ ከማንም በላይ የረካ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ።

ዱባለን ግን ስጋት ገባው። «ይሄ ልጅ ማሽኔን ያበላሽብኝ ይሆን?»

«ከእሱ ይጠንቀቁ» አለች እምነት፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ሀምዳንን ደረጃው ላይ ይመልሰው ጀመር።

እትዬ ሸዋገነትን ግን ማንም አልመለሳቸውም። አሮጊት ናቸው፣ ባል የሞተባቸው፤ ያቺ የነጠላ ሱቅ ብቻ ናት ያለቻቸው። በየቀኑ ይመጣሉ። ማውሱን በሁለት እጃቸው እንደ ጫጩት ይዘው ቀዩን ሲያባርሩ ይቆዩና አበባ ተቀብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን አለቀሱ።

«ልጄ፣ ሱቄ ከሄደች ምን ይዤ እኖራለሁ? አስይዢኝ እባክሽ!»

እምነት ቀና አላለችም። «ወረፋ አለ» አለች ብቻ።

ዱባለ በልቡ አደነቃት። ለሥራዋ የቆመች፣ በእንባ የማትረታ ልጅ። እድገት ካገኘ ይዟት ይሄዳል።

ሪፖርቱ መቶ በመቶ እርካታ አሳየ። ጽሕፈት ቤቱ ሞዴል ተባለ፤ ዋንጫውን የበላይ አካል ራሱ መጥቶ ሊሰጥ ሆነ።

«ለእንግዶቹ ይሄ አሮጌ ስክሪን አይመጥንም» አለ ዱባለ።

«አዲሱን እኔ ልምረጥ?» አለች እምነት። ወርዳ ከመርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ትልቅ፣ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ አስመጣች። የዱባይ ዕቃ ነው፣ በጣትም የሚታዘዝ ታች ስክሪን የሚሉት ነው፣ ዋስትናም አለው አለችው። ዱባለ ፊቱን አየበት፤ አማረበት። አሻራ እንዳያበላሽበት ሰግቶ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ አስለጠፈ።

የሽልማቱ ቀን ማሽኑ ወደ አዳራሹ ተወሰደ፤ አዳራሹም ሞላ። ካሜራው በራ፣ ለስላሳው ተከፈተ። ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነጋዴ ማሽኑን በእንግዶቹ ፊት ይሞክር ተባለ። ሀምዳን ከደረጃው ሥር «እኔ! እኔ ልሞክር!» እያለ ይጮሃል። ዱባለ ፈገግ ብሎ እትዬ ሸዋገነትን ጠራ።

«የዘወትር ደንበኛችን ናቸው። ሳይረኩ የሄዱበት ቀን የለም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ማውሱን ያዙ፤ ቀዩ ዘለለ፤ ተከተሉት፤ ደግሞ ዘለለ። እንግዶቹ ሳቁ። የበላይ አካሉ ኃላፊ «በጣም አሳታፊ ነው» ብለው ማስታወሻ ያዙ። ዱባለ ዋንጫውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«እማዬ» አለች እምነት ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «አሁን ማውሱን ልቀቂውና በጣትሽ ንኪው።»