የኮሶው ቪዲዮ

«ጻፊ! ‹ይህ አባቶችን መድፈር ነው› በይ፤» አሉ መሪጌታ ሐብተ ማርያም። ልጃቸው ምስጢር አንገቷን ደፍታ አቤቱታውን ስልኳ ላይ ጻፈች።

ስለ ኮሮና የተናገሩበትን ቪዲዮ ፌስቡክ በማግስቱ አጥፍቶባቸዋል። ይባስ ብሎም «ጤና ሊጎዳ የሚችል የተሳሳተ መረጃ» የሚል ቃል ልኮላቸዋል። በጎንደር አድባራት ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው፣ ያውም በማያውቁት ሰው፣ ተሳስተዋል መባላቸው ይኸው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። «የጠቆመብኝ ያ ቢሻው ነው» ይላሉ ደግሞ። ቢሻው የጎረቤት ደብር መሪጌታ ነው፤ ድምፁ ከሳቸው ይሻላል የሚሉ አንዳንድ ሰዎች አሉ።

«ጨረስሁ አባዬ፤ ልላከው?» አለች ምስጢር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበር ተሰማ። አፏን በነጠላዋ የሸፈነች፣ በቅል ቅቤ የያዘች ሴት ገባችና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት።

«ተይ ልጄ፣ ጊዜው ነው። እዚያው በሩ አጠገብ ተቀመጪ።»

«ዓይናዲስ እባላለሁ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ነው የመጣሁ። እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔ ግን በስልክ አውቅዎታለሁ። ባሌን አስናቀውን አተረፉልኝ የኔታ! እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው።»

የመሪጌታ ፊት በራ። ልጃቸውን «ሰማሽ?» በሚል ዓይን አዩአት።

«ኮሶው ፈወሰው በይኛ!»

«ኧረ ኮሶውንማ መች ጠጣው!» አለች ዓይናዲስ። «ትኩሳቱ ጸንቶበት፣ ትንፋሽ አጥሮት ሳለ ነው ቪዲዮዎን በልጄ ስልክ የሰማን። ኮሶ በማር፣ ሦስት ቀን፣ ደጅ ሳይወጣ፣ የሰው ዓይን ሳያየው ብለው የለ? ኮሶውን ወቀጥሁ፤ ጓዳ አነጠፍሁለት። ጧት ልሰጠው ስል ልኩ ጠፋኝ፤ አንድ ዋንጫ ይሁን ሁለት። ልጄን እስቲ መልሰሽ አሰሚኝ ብላት ቪዲዮው የለም።»

«እሺ?» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ቀነስ ብሏል።

«የባሌን ታላቅ ወንድም፣ አያ ዳኛውን ጠራሁት። ልጅ ሆኖ ዜማ ቤት ነበር። ‹መምህር ሲሳሳት ተማሪው ፊት ያርማል፤ የኔታ ራሳቸው ቪዲዮውን ካነሱት ነገር አለው፤ ተይው› አለኝ። ወዲያው በቃሬዛ ተሸክመን ማኪና መንገድ አወጣነው። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ተኛ። ሐኪሙ ‹በዚያ ጉልበቱ ኮሶ ጠጥቶ ሦስት ቀን ጓዳ ቢቀመጥ ኖሮ አታገኚውም ነበር› አለኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ስንቱ አዋቂ በእልሁ ይሞታል! እርስዎ ግን ሸጋ አባት ነዎት፤ ክብሬ ሳይሉ አነሱት።»

ምስጋና መቼም ይጣፍጣል። መሪጌታ ከነዚህ ሦስት ሳምንታት ውርደት በኋላ ደግሞ ርቧቸው ነበር። አሜን ብለው ቅቤውን ቢቀበሉ ያለቀ ነገር ነው፤ ከምስጢር በቀር የሚያውቅ የለም። ምስጢርም ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ቀረች።

መሪጌታ ከልጃቸው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ አላነሳሁትም።»

«እንዴት?»

«የፌስቡክ ሰዎች ናቸው ያነሱብኝ። አንቺ ስትገቢ እንኳ ይመለስልኝ ብዬ አቤቱታ እያስጻፍሁ ነበር። በኔ ቢሆን ኖሮ ባልሽን ገድየው ነበር።»

ዓይናዲስ ትክ ብላ አየቻቸው። ምስጢር ሴትዮዋ ቅቤዋን አንሥታ የምትወጣ መሰላት፤ ብትወጣም አትፈርድባትም።

«ታዲያ ማን ነው ያነሳው?» አለች ዓይናዲስ በመጨረሻ።

«ስሙን አይነግሩንም» አለች ምስጢር። «ሰው ይሁን ማሽን እንኳ አይታወቅም። አገሩም ሩቅ ነው።»

«ምነው፣ ማሽንስ ቢሆን ያሠማራው ሰው ያጣል?» ዓይናዲስ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈታች። «በቅዳሴ እንዲጠራ ስም ላሰጥ ነበር። የአስናቀውን የክርስትና ስም፣ ገብረ ኢየሱስን፣ ዳኛው ጽፎልኛል። ከሥሩ የእርስዎን ላስጽፍ ነበር አመጣጤ። እንግዲያ የዚያን ሰው ስም ይጻፉልኝ። ስሙ ሳይጠራ በምን ይታሰብለታል?»

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀበሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጧት ማታ ሲረግሙት የከረሙትን ሰው! እሳቸው ሲረግሙት፣ እሱ የአንድ ገበሬ ሞት በእጃቸው እንዳይሆን ከልክሏቸው ኖሯል። ደረታቸውን ሞልቶ የመጣው ምስጋና እንባ ሆኖ ጺማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ምስጢር፣ ያን አቤቱታ አጥፊው። ብዕርም አቀብይኝ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቀስ ብለው ጻፉ። ዓይናዲስ ማንበብ አትችልም፤ ካለችበት አንገቷን አሰገገች።

«ምን ብለው ጻፉት?»

መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ፤ እሷም ተነሣች። ወረቀቱን ከፍ አድርገው አነበቡላት፦

«ጌታ ሆይ፣ ገብረ ኢየሱስን አስብ። በሩቅ አገር ሆኖ እሱን ከሞት፣ እኔን ከደም ያወጣኝን፣ ስሙን አንተ ብቻ የምታውቀውንም አስብ።»

«አሜን» አሉ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አፍ።