የካርዱ ተራ

የረድኤት ጓደኛ እናት አሰለፈች ነጠላዋ ሥር ምን ደብቃ ነው ወደ ጓዳ የገባችው? የባለልደቷ የረድኤት እናት በዓይኗ ሸኘቻት።

ለረድኤት አሥረኛ ዓመት ልደት ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ አንዱ ላይ ዳማ፣ አንዱ ላይ ሉዶ፣ አንዱ ላይ ጮክ ተብሎ የሚነበብ የጥያቄ ካርድ። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ልጆችም ወላጆችም ጠረጴዛ ይቀያየራሉ። አሰለፈች ግን የካርዱ ተራ ሊደርሳት ሲል ሹልክ አለች። ጓዳ ውስጥ ደግሞ የረድኤት እናት የወርቅ ሐብል አለ። በልጇ ልደት ቀን ሌባ ልትይዝ ነው? እናት ተከተለቻት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

አሰለፈች እጇን ዘረጋች። አንዲት የጥያቄ ካርድ ነበረች።

«የማታ ትምህርት ጀምረሻል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አንብቢልኝና በቃሌ ልያዛት። ልጄ ፊት እንዳልዋረድ፣ የኔ እህት።»

የረድኤት እናት በሩን ዘጋች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችላት። አሰለፈች ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ተራዋ ሲደርስም ካርዱን ይዛ ልጇ ፊት በቃሏ አለችው።

ኬኩ ተበልቶ ሲያልቅ ሌሎቹ እንግዶች ሁሉ ሄዱ። አሰለፈች ግን ፊደል ልትማር፣ የረድኤት እናት የማታ ትምህርት ደብተሯን እስክታመጣላት ቁጭ ብላ ቀረች።