የሲያካ የቀልድ ዘመድ

ሲያካ ኩሊባሊ ወባ ይዞት ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ታሞ ሰነበተ። አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሚስቱ ሳራን ከቤት ወጥታ እሪ አለች። መንደሩ ተሰበሰበ።

ሳራንን የማያመሰግን ሰው አልነበረም። ለባሏ ልጅ አልወለደችለትም። ሲያካ በመጪው ሐሙስ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ቀን ሲቆርጥ እንኳ ከአፏ ክፉ ቃል አልወጣም። የሙሽራዪቱን ክፍል ግድግዳ በገዛ እጇ ጭቃ ስትለስን ከርማለች። ጭቃው ገና አልደረቀም።

«አላህ እንዲህ ያለ ሰብርና ትዕግሥት ለሁላችንም ይስጠን» ተባባሉ ሴቶቹ።

የሲያካ አጎት፣ ሽማግሌው ባላ፣ አጣቢ ሊጠሩ ሲነሱ ከለከለቻቸው።

«አባባ፣ ባሌን ሌላ እጅ አይነካብኝም። ሚስት ባሏን ብታጥብ ሃይማኖቱ አይከለክላትም።»

«እውነቷን ነው» አሉ ኢማሙ።

በሩን ዘግታ አጠበችው። የመገነዣውን ጨርቅ፣ ከፈኑንም፣ ራሷ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ከባማኮ የሚመጣው ወንድሙ ይጠበቅ ሲሏት፣ «ሙት እያስጠበቁ ማንገላታት ነውር ነው። ከቀትር ሶላት በፊት አፈር ይቅመስ» አለች። ለዚህም ተመሰገነች።

አሁን የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፋሞሪ ኬይታ።

የኬይታና የኩሊባሊ ጎሳዎች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ሌላውን «ባቄላ በላ» ብሎ ቢሰድበው፣ ምሳውን ከፊቱ ቢነጥቀው፣ መቀየም ብሎ ነገር የለም። ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ለቅሶ ላይ የቀልድ ዘመድ መጥቶ ካላሳቀ፣ ሟቹ እንዳልተከበረ ይቆጠራል። ፋሞሪ ደግሞ በዚህ ወደር አልነበረውም። የሲያካ አባት የሞቱ ጊዜ ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ፣ ጆሮውን ደረታቸው ላይ ለጥፎ፣ «ኧረ ይተነፍሳል! ይሄ ባቄላ በላ እርሻ ጠልቶ ነው የተኛው!» እያለ በቁርኣን ማለ። ባላ የሟቹ ወንድም ነበሩና ልባቸው ተሸነፈ። ከፈኑን ፈትተው ዳሰሱ። አገር ሳቀ። ዛሬም ድረስ ገበያ ሲወጡ፣ «አባባ፣ ወንድምዎ ተነሱ ወይ?» የሚላቸው አይጠፋም።

ሳራን ፋሞሪን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ሚስቴ!» አላት እንደ ልማዱ። «ይሄ ሰነፍ ጥሎሽ ሄደ? በይ እንግዲህ ለጌታሽ ለኔ ባቄላ ቀቅይ።»

«ፋሞሪ፣ ዛሬስ ተወኝ። አትቀልድ። ቃሬዛው አጠገብም ድርሽ አትበል። በክብር ልቅበረው።»

ፋሞሪ ፊቷን አየና ሳቁ ጠፋ። ከሲያካ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ የተገረዙትም አብረው ነው።

«በእናቴ አልቀልድም። ግን ልሰናበተው።»

«ከሩቅ ተሰናበተው።»

አንገቱን ደፋና ከወንዶቹ ኋላ ሄዶ ቆመ።

የጀናዛው ሶላት ተሰግዶ ቃሬዛው ሊነሳ ሲል ግን አላስቻለውም። ሰዉን ከፍሎ ወጣ። ሁሉም ይህን ሲጠብቅ ነበርና ፈገግ ፈገግ አለ። ፋሞሪ አልተሳደበም። ተንበረከከና ግንባሩን የሲያካ ደረት ላይ አሳረፈ። ቆየ። ቀና አለ።

«ይተነፍሳል» አለ።

ሳቁ ፈነዳ።

«ጀመረ! ኬይታ ጀመረ!»

«ቀልድ አይደለም! አባባ ባላ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን ይስጡኝ። እዚህ ጋ ይዳስሱ።»

«እኔን?» አሉ ባላ። «አንዴ ዳስሼልህ ይኸው እስካሁን መሳቂያ ነኝ! ሂድና የራስህን አባት ዳስስ!»

ሰው ሆዱን እየያዘ ሳቀ። ፋሞሪ ወደ ኢማሙ ዞረ።

«በቁርኣን እምላለሁ!»

«ያን ጊዜስ በምን ነበር የማልከው?» አሉ ኢማሙ ሳቃቸውን እየዋጡ። «አላህ ይቅር ይበልህ። ይብቃህ።»

እንደ ወጉ ለቀልዱ ዋጋ የኮላ ፍሬ ወረወሩለት። በእግሩ በተነው።

«አነሰው! ጨምሩለት፣ ኬይታ ሆዱ አይሞላም!»

ፋሞሪ የከፈኑን ቋጠሮ ሊፈታ ታገለ። ቋጠሮው እምቢ አለው። እንባው ወረደ። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እንደዛሬም አሳምሮት አያውቅ» አሉ።

ያን ጊዜ ሳራን ከሴቶቹ መሐል ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ፋሞሪ! በእናትህ ምለህልኝ ነበር!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰዉ አፈረ። ጎረምሶች ብብቱን ይዘው ጎተቱት።

መቃብሩ ዘንድ እንደገና አመለጠና ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገባ። ይህም የፋሞሪ አባት ልማድ ነበር ተባለና ጎትተው አወጡት። ሁለት ሰዎች አፉን አፍነው ይዘውት ቆሙ። አፈሩ ተመለሰ። ዱአ ተደረገ።

ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱምና ሳራን ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወንዶቹ እጃቸውን ታጥበው ሲገቡ ጎረቤቷ ተንገበገበች።

«ያ ባለጌ! እንዲያው በዚህ ቀን እንኳ?»

«ተዪው» አለች ሳራን ቀስ ብላ። «ልማዱ ነው። እኔ አልተቀየምኩትም።»

«አይ ሰብር! አላህ ጀነትሽን ያስፋው።»

«አሚን» አለች።

ጠዋት በሩን ዘግታ ውኃውን ስታፈስበት፣ ሲያካ ዓይኑን ገልጦ «ሳራን፣ በረደኝ» ብሏት ነበር።