የመጠቅለያው ውስጠኛ ገጽ

ልጅቱ የስጦታውን መጠቅለያ ወረቀት ራሷ ልትሠራው እንደሆነ ስትናገር እናቷ «ከሱቅ ብንገዛውስ?» አለች።

«የሱቁ አይሆንም» አለች ልጅቱ።

መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ከሥራ ከቀረች ሁለት ወር ሆኗታል። ታላቅ እህቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታ በመጨረሻ ልጅ ልታገኝ ስለሆነ፣ ለእሑድ ቤቢ ሻወር፣ ሕፃኑ ሳይወለድ የሚደረግ የስጦታ ድግስ፣ ተደግሷል። ቤተሰቡ ግን ስለ ድግሱ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ልጅቱ ብቅ ስትል ወሬው ቁርጥ ይላል።

ለምን እንደሚንሾካሾኩ አልጠፋትም። ግን አልከፋትም፣ ደስም አላላትም። ሰሞኑን ምንም ነገር አይሰማትም። እጇ ይሠራል፤ እሷ ታያለች።

ድንች ለሁለት ከፍላ የትንሽ ወፍ ቅርጽ ያለው ማኅተም ቀረጸች። ቡናማውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ስለተቀመጠች ወዲያኛው ጠርዝ አልደርስ ሲላት ወረቀቱን ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ወፎቹን በሰማያዊ ቀለም አተመች። በመካከላቸው የሕፃኑን ስም በቀጭን ብሩሽ ጻፈች። ስሙን የመረጠችው እህቷ ናት። ልጅቱ አርባ ጊዜ ጻፈችው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥታ አልጠራችውም።

አክስቷ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዛ ገባች።

«አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ። ላንቺም በጊዜው ይሰጥሻል።»

«እሺ አክስቴ።»

«እኔ ብሆን አልችለውም ነበር፤ እውነቴን ነው።»

ይኸም ማጽናናት መሆኑ ነው። አክስት አንዴ ማጽናናት ከጀመረች ካላስለቀሰች አትመለስም። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። ጠጪ ስለተባለች ወተቱን እስከ ጠብታው ጠጣችና ብርጭቆውን መለሰች።

ቀለሙ ሲደርቅ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጠራዥ የሚጨነቀው ለውስጡ ነው፤ ውጩንማ መንገደኛውም ያየዋል። እርሳስ አንስታ መጻፍ ጀመረች።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ለእትዬ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ልጅቱ ጽሑፉን በክንዷ ከለለችው። እናት መጣችና፣ ልጅቱ አንድ ነገር እንዳታደርግበት የሰጋች ይመስል፣ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የእህቴን ደስታ አላደፈርስም ያልሽው በራስሽ አንደበት ነው። አሁን ክፉ ነገር ጽፈሽ ብታስለቅሻት ያቺ ልጅ ትሞትብኛለች።»

«ማን ክፉ ጻፈ?»

«እሱን አላውቅም። ደግሞ እሑድ መምጣቱ ከከበደሽ ቅሪ፤ ማንም አይቀየምሽም።»

«እመጣለሁ» አለች ልጅቱ። መጻፏንም አላቆመችም።

እሑድ ድግሱ ቤት ሲደርሱ እህቷ ወንበር ላይ ወጥታ ፊኛ ታስራለች። ልጅቱን ስታይ ዘላ ወረደችና በጎን አቀፈቻት። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ» እያለች ሶፋው ላይ ትራስ ደረደረችላት። እንግዶቹ ለእህቷ «እንኳን ደስ አለሽ» አሉ። ለልጅቱ ምን እንደሚሉ ስለጠፋቸው «እንዴት ነሽ?» ብለው አለፉ።

ስጦታ መክፈት ተጀመረ። የሱቅ መጠቅለያ ሁሉ ተቦጫጭቆ ምንጣፉን ሞላው። ሰማያዊ ወፎች ያሉበት ጥቅል ተራው ሲደርስ ልጅቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ተነሥታ ተናገረች።

«እንዳትቀጂው።»

አክስት ማላመጧን ትታ አንገቷን አሰገገች። እህቷ ክሩን ቀስ ብላ ፈታች። ውስጥ የነበረውን ትንሽ ሹራብ ጎኗ አስቀመጠችና ወረቀቱን ገለበጠች። አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ልጅቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቱ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከፋት።

«ፈርቼ ነበር!» አለች እናት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ምን ብላ ነው? አንብቢው!»

እህቷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ጮክ ብላ አነበበች፦

«ሬዲዮ ሲከፈት ጸጥ ይላል፤ ቀዝቃዛ ወተት ስጠጣ ይነቃል፤ በግራ ጎኔ ስተኛ ይረግጠኛል፣ ስለዚህ እትዬ፣ ስታቅፊው በቀኝሽ ይሁን።»