የማን ጫማ ነው?

አክስትየው ከሳልካ ፍራሽ ስር ያወጣችውን የስፖርት ጫማ ገልብጣ ያለቀውን ሶሉን መረመረች። ለሠርጓ እንድትወፍር ሁለት ወር ሙሉ ወተት ያጋተቻት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለምን ሥጋ እንዳላወጣች አሁን የገባት መሰላት።

"ከነዚያ የኑዋክሾት ከተማ ዘመናይ ሴቶች ጋር ተደብቀሽ ትሮጫለሽ አይደል? አንቺ ስንጥር!" አለችና፣ ልጅቷ ወተት እምቢ ስትል የእግር ጣቶቿን የምትጨምቅባቸውን ሁለት ዱላዎች አነሳች። "እግርሽን አምጪ!"

ሳልካ እግሯን ዘረጋች። አክስትየው ለማረጋገጥ መጀመሪያ ጫማውን አጠለቀችላት፤ በጣም ሰፋት። የባሰ ጠርጥራ ቀና ስትል እህቷ፣ የሳልካ እናት፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"የኔ ነው፤ የደበቅኩትም እኔ ነኝ" አለች እናትየው እያለከለከች። "እንደሷ ልጅ ሳለሁ አንቺና እማዬ በዱላ አወፈራችሁኝ። ይኸው ሐኪሙ ካልተራመድሽ ልብሽ ይቆማል ካለኝ ጀምሮ በድብቅ እራመዳለሁ። ነገ እሷንም ይዣት እወጣለሁ።"