የሰባት ዓመት ጥበቃ

የፓርኩ የሥራ ማስታወቂያ «በዱር እንስሳት ጥበቃ ልምድ ያለው» ይላል። አመልካቿም ቅጹ ላይ «ዝንጀሮ ጥበቃ፣ ሰባት ዓመት» ብላ ሞላች። የፓርኩ ኃላፊ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ሊዘል ምንም አልቀረው። ከእሷ በፊት ለፈተና የገቡት አምስት ምሩቃን ልምዳቸው ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም።

«ከየት ሆነሽ ነበር የምትከታተያቸው?»

«ከማማ ላይ።»

አጠገቡ ያለችው ባለሙያ «የመመልከቻ ማማ» ብላ ጻፈች።

«መንጋውን ለይተሽ ታውቂዋለሽ?»

«እንዴታ! አውራው እኮ ድምፄን ገና ሲሰማ ነው የሚያውቀኝ። ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ይወጣሉ፤ እኔ ቀድሜ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ጎህ ሲቀድ!» አለ ኃላፊው በአድናቆት።

ሦስተኛው ፈታኝ የአካባቢውን ገበሬዎች የወከሉ ሽማግሌ ናቸው። ዘንድሮ ማሳቸውን ዝንጀሮ ስለጨረሰባቸው ለአምስቱም ምሩቃን ቅጥር አልፈርምም ብለው አሁን ጥግ ይዘው ያንቀላፋሉ።

«የመጨረሻ ጥያቄ፣» አለ ኃላፊው። «በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጠፋብሽ?»

አቀረቀረች። «አንድ።»

«አይዞሽ፣» አለች ባለሙያዋ በሐዘኔታ። «ግልገል ነበር?»

«ኧረ እሸት ነው! የበቆሎ እሸት። የዚያን ቀን ወንጭፌ ተበጥሶብኝ እኮ ነው።»

የባለሙያዋ እስክሪብቶ ባለበት ቆመ። ኃላፊው ቅጹን አንሥቶ «ዝንጀሮ ጥበቃ» የሚለውን እንደገና አነበበ።

ሽማግሌው ግን ብንን አሉ።

«በሰባት ዓመት አንድ እሸት?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እስቲ ያን ወረቀት ወዲህ በሉ፣ ልፈርም!»